እንዚራ በዘጠኝ ቮልት

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ ክራር የሚሰማው በሞንታርቦ ነው። ከያያ ሴንተር ወዲህና ወዲያ፣ በአርግዊንግስ ኮዴክ ጎዳና ዙሪያ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ቅዳሜ ማታ የተቀመጠ ሰው ጥብሱ ሳይቀርብለት ኪቦርድ ይሰማል፤ ከኪቦርዱ የሚወጣ ከበሮም ይሰማል። ከሁለቱ መሀል ደግሞ ጆሮ የሚወጋ፣ ሹልና ቀጭን የሆነ ነገር አለ። ክራር መሆኑን የሚያረጋግጠው በዓይኑ ነው። ተጫዋቾቹም ራሳቸው ያውቁታል። «ጋሼ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ቤዝ ብጨምርለትም አልሰማ አለኝ» ብሎኛል አንዱ፣ የሚክሰሩን ቁልፎች እያዞረ እያሳየኝ።

ክራሩ ጤነኛ ነው። እጁም የሠለጠነ ነው። ሞንታርቦው ቢሆን ለሠርግ ይበቃል። ችግሩ ያለው ገመዱ ሚክሰሩ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ነው። የሚጠግነውም አንድ አይሲ፣ ጥቂት ሬዚስተርና አንድ የዘጠኝ ቮልት ባትሪ ነው። ፔዳልና ትንሽ አምፕሊፋየር በእጅ መበየድ በየአገሩ የብዙ ጊታረኞች የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ሱቅ የሚሸጠውን ዕቃ በርካሽ ለመድገም ይጀምሩታል። ክራር ለያዘ ሰው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ሱቅ ያለው ፔዳል የተሰላው ለሌላ መሣሪያ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ክራር ላይ የሚገጠም ፒክአፕ ሁለት ዓይነት ነው። ክሩ ብረት ከሆነ እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ይበቃዋል፤ ክሩ ከማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ደካማ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ክሩ ጅማት ወይም ናይለን ከሆነ ማግኔቱ ምንም አያገኝም። ያኔ በርኩማው ሥር ወይም ገበቴው ላይ ፒየዞ ይለጠፋል። ፒየዞ ከተበላሸ የሙዚቃ ካርድ፣ ከሚጮኽ አሻንጉሊት ወይም ከግድግዳ ሰዓት ማንቂያ የሚወጣ ስስ ክብ ብረት ነው፤ ሲያርገበግቡት ቮልቴጅ ይሰጣል።

ፒየዞ በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ ትንሽ ካፓሲተር ነው። 15 ናኖፋራድ ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። የብዙ ሚክሰሮች ተራ መግቢያ ደግሞ 10 ሺህ ኦም ያህል ነው። ካፓሲተርና ሬዚስተር እንዲህ ሲገናኙ ወፍራሙን ድምፅ የሚያስቀር ወንፊት ይሆናሉ። ወንፊቱ ከየት ጀምሮ እንደሚያስቀር ለማወቅ አንድን ለ6.28 ሲባዛ በኦሙ ሲባዛ በፋራዱ ማካፈል ነው፤ መልሱ 1,060 ኸርዝ ገደማ ይመጣል። የክራር ክሮች መሠረታዊ ድምፅ በሙሉ ከዚህ በታች ነው። እያንዳንዱ ምት መሠረቱን ጥሎ ጫፉን ብቻ ይዞ ይገባል ማለት ነው። ቤዙን ቢያጎሉት ደግሞ የተረፈው ጥቂቱ ከነጩኸቱ ይነሣል። መግቢያው 1 ሚሊዮን ኦም ቢሆን ያው ሒሳብ 10.6 ኸርዝ ይሰጣል፤ ያ የሰው ጆሮ ከሚሰማው በታች ነው።

እንዲህ ያለውን መግቢያ ቲኤል072 የሚባለው ባለ 8 እግር አይሲ በቀላሉ ያስገኛል። ሁለት እኩል ሬዚስተሮች ዘጠኙን ቮልት ለሁለት ከፍለው 4.5 ይሰጡታል፤ ከዚያ ነጥብ ወደ መግቢያው አንድ የ1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ይዘረጋል፤ መውጫው ከራሱ ሁለተኛ መግቢያ ጋር ይታሰራል። ድምፁን አያጎላውም። ከፒየዞው ምንም ሳይጎትት ይቀበለውና ሚክሰሩ የፈለገውን ያህል ቢጎትትበት በማይሰለች ጉልበት ያስተላልፈዋል። ጊታረኞች በፈር ይሉታል፤ እኔ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ሥራ አላውቅም። ብዙ ሰው ግን መጀመር የሚፈልገው በሚነዝረውና በሚቧጥጠው በፈዙ ነው።

እሺ፣ ወደ ፈዝ እንሂድ። መጀመሪያ ግን በገና።

ሆን ተብሎ የሚነዝር ድምፅ እኛ ዘንድ ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ ነው። የበገና አሥሩ ክሮች በርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ፣ ከእያንዳንዱ ክር ሥር እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ደርዳሪው መዝሙሩን ከመጀመሩ በፊት እንዚራዎቹን በጥቂት በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ ይፈትናቸዋል። ቦታው ሲገኝ ክሩ በተርገበገበ ቁጥር ቆዳውን ይነካካል፤ በዐቢይ ጾም በሬዲዮ የምንሰማው ያ ጥልቅ ንዝረት ይወጣል።

ይህ ንክኪ ምን ይሠራል? ክር ብቻውን ሲርገበገብ ሞገዱ ለስላሳ ነው። በየዙሩ ቆዳ ሲነካ ሞገዱ ድንገት ይታጠፋል፤ ድንገተኛ እጥፋት ደግሞ ሃርሞኒክ ይወልዳል። ሃርሞኒክ ማለት የመሠረታዊው ድምፅ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እጥፍ የሆነ ፍጥነት ያለው ድምፅ ነው። ጆሮ እነዚህን ለይቶ አይቆጥራቸውም፤ አንድ ላይ ሰብስቦ ከየትኛው መሠረት እንደመጡ ይገምታል። የዓለሙ አጋን በገና በስልክ ስፒከር የሰማ ሰው ይህን ሳያውቀው ፈትኖታል። ያቺ ጥፍር የምታህል ስፒከር ወፍራሙን መሠረት ማውጣት አትችልም፤ ሰሚው ግን ወፍራም ድምፅ ሰማሁ ብሎ ይምላል። ሃርሞኒኮቹ ስላሉ መሠረቱን አእምሮው ሞላው። እንዚራን የፈጠረው ሰው ስለ ሃርሞኒክ አልተማረም፤ የሚሠራውን ነገር ግን በደንብ ያውቅ ነበር።

አሜሪካኖቹ እዚያ የደረሱት በብልሽት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1961 ናሽቪል ውስጥ የማርቲ ሮቢንስ አንድ ዘፈን ወጣ፤ መሀሉ ላይ የግሬዲ ማርቲን ቤዝ ጊታር እንደ ተቀደደ ነገር ያጓራል። የስቱዲዮው ሚክሰር አንድ መስመር ተበላሽቶ ነበር። የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን ከመጣል ይልቅ በትራንዚስተር አስመስሎ ሠራው። ጊብሰን ኩባንያም በ1962 ማየስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ለገበያ አወጣው፤ በውስጡ ሦስት የጀርማኒየም ትራንዚስተር ነበር፣ የሚሠራውም በ3 ቮልት ነበር። ሳጥኑ ስም ያተረፈው ሮሊንግ ስቶንስ በ1965 «ሳቲስፋክሽን» ላይ ሲጠቀሙበት ነው። ከዚያ በፊት በ1964 እንግሊዝ ውስጥ የኪንክስ ጊታረኛ ዴቭ ዴቪስ ምንም ሳጥን ሳይገዛ የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር ወረቀት በምላጭ ሸንትሮ ያንኑ ድምፅ አግኝቷል። ይህኛው ዘዴ ወደ እንዚራ ይበልጥ ይቀርባል፤ ግን ስፒከሩ አንዴ ከተሸነተረ ተሸነተረ ነው።

ፈዝ ሞገዱን ከአቅሙ በላይ አጉልቶ ጫፉን ይቆርጠዋል። ሲሊከን ዳዮድ 0.6 ቮልት ገደማ ሲደርስ፣ ጀርማኒየም ዳዮድ ደግሞ 0.3 ገደማ ላይ በሩን ይከፍታል። ሁለት ዳዮዶችን አንዱን ወደላይ አንዱን ወደታች አዙሮ ከድምፁ መስመር ወደ ኔጌቲቭ ማሰር ይበቃል፤ ከዚያ መጠን የሚያልፈው ሁሉ ወደዚያ ይፈስሳል፤ የሞገዱ ጫፍ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሁለቱም ጫፎች እኩል ከተቆረጡ ጎዶሎዎቹ፣ ማለትም ሦስተኛውና አምስተኛው ሃርሞኒክ ይበረታሉ። አንዱ ወገን ይበልጥ ከተቆረጠ ሙሉዎቹም ይገባሉ፤ ድምፁም ሞላ ይላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለዓይን የሚያምረኝ ንድፍ የፈዝ ፌስ ነው። ለንደን ውስጥ በ1966 አርቢተር ያወጣው ይህ ፔዳል ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት ማዞሪያ ብቻ ነው፤ ድምሩ 11። ጂሚ ሄንድሪክስ ከዚህ ያወጣውን ድምፅ ዓለም ያውቀዋል። ለእኛ ግን ሁለት ጠባዮቹን ማወቅ ይበጃል። አንደኛ መግቢያው ጥቂት ሺህ ኦም ብቻ ነው፤ ከጊታር ጥቅል ሽቦ ጋር ይስማማል፣ ከፒየዞ ጋር ግን ከላይ ባየነው ሒሳብ ይጣላል። ፒየዞ የተለጠፈበት ክራር ካለ በፈሩ ከፊት መቅደም አለበት። ሁለተኛ የመጀመሪያዎቹ ትራንዚስተሮች ጀርማኒየም ነበሩ፤ ጀርማኒየም ደግሞ ሙቀት ይረብሸዋል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሾልኮ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ በእጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ከመጠን ሲያልፍ ድምፁ ይቆራረጣል። ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ምሽቷ ቀዝቃዛ ነው። እዚህ በምሽት የተቃኘ ጀርማኒየም ፈዝ ሞምባሳ ባሕር ዳር ለበዓል ቢወሰድ ሊያኮርፍ ይችላል። አዲስ አበባ ቢሄድ ይመቸዋል።

አሁን ከጊታር መጻሕፍት የማይገኘውን ነገር ላንሣ፤ ቅኝትን። አንድ ክር ብቻ በፈዝ ሲያልፍ ችግር የለም፤ ሃርሞኒኮቹ የራሱ ልጆች ናቸው። ሁለት ክሮች አብረው ሲመቱ ግን የሞገድ ቆራጩ ሁለቱን ያዳቅላቸዋል፤ የፍጥነታቸው ድምርና ልዩነት የሆኑ አዳዲስ ድምፆች ይወጣሉ። 200 እና 300 ኸርዝ አብረው ቢገቡ 100 እና 500 ይወለዳሉ፤ ሁሉም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ ያምራል። የሮክ ጊታረኞች በፈዝ አምስተኛውን ድምፅ እየጨመሩ የሚመቱት በዚህ ምክንያት ነው። በትዝታ ሜጀርም እንዲሁ፤ የመነሻው ሦስተኛና አምስተኛ ሃርሞኒክ የሚሰጡት ሶልና ሚ በቅኝቱ ውስጥ አሉ።

አንቺሆዬ ላይ ይገለበጣል። ከዶ ቢነሣ ሁለተኛው ድምፅ ግማሽ እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ ሶልም ሚም በቅኝቱ የሉም። 262 እና 277 ኸርዝ አብረው በፈዝ ሲያልፉ ልዩነታቸው 15 ኸርዝ ነው፤ ያ ዜማ አይሆንም፣ ጉርምርምታ ነው። የክራር ድርደራ ደግሞ ሁሉንም ክር እየመቱ የማይፈለገውን በጣት ማፈን ነው። በደንብ ያልታፈነ ክር በተራ ክራር ላይ አይሰማም፤ በፈዝ ግን ከታች ተነሥቶ ቅኝቱን ያበላሻል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ በነጠላ ክር መጫወት፣ ወይም ፔዳሉ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ማዞሪያ አስገብቶ ንጹሑን ድምፅ ከፈዙ ጎን ማሳለፍ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ንጹሑ ዜማውን ይይዛል፣ ፈዙ ደግሞ ከሥሩ እንደ እንዚራ ይነዝራል። በገና ላይ ግን ፈዝ ማሰር ስንፍና ይመስለኛል፤ ቆዳው የሠራውን ሥራ በባትሪ መድገም ነው።

ዋህ ዋህ በአንጻሩ ለእኛ ሙዚቃ ከሩቅ የታዘዘ ይመስላል። በ1966 አሜሪካ፣ ቶማስ ኦርጋን ኩባንያ ውስጥ ብራድ ፕላንኬት የሠራው ይህ ፔዳል አንድን የድምፅ ክልል መርጦ ያጎላል፤ እግር ሲጫን ያ ክልል ከ400 ኸርዝ ገደማ ወደ 2,000 ይጓዛል። የሰው አፍ አናባቢ ሲለዋውጥ የሚያደርገውም ይኸው ነው። መጀመሪያ ሲሸጥ ሳጥኑ ላይ የታተመው የመለከት ነፊው የክላይድ ማኮይ ስም ነበር፤ የወሰዱት ግን ጊታረኞች ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ ባስቀረጸው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ ጊታሩ በዋህ ይናገራል፤ ዋህ አዲስ ድምፅ ስለማይወልድ ምንም ቅኝት አይደፈርስም። በቤት ለመሥራት ትራንዚስተሩ ሁለት ብቻ ነው፤ የሚያስቸግረው 500 ሚሊሄንሪ ገደማ የሆነው ጥቅል ሽቦና የእግር መርገጫው ብረት ናቸው። ይቆይ።

ዕቃውን ከየት? ከሁርሊንግሃም 46 ቁጥር ማታቱ ተሳፍሮ መሀል ከተማ መውረድ ነው። ማታቱው ራሱ የድምፅ ትምህርት ቤት ነው፤ የወንበሩ ሥር ስፒከር ደረት ውስጥ ሲመታ ሃርሞኒክ የሌለው ቤዝ ምን እንደሚመስል ይገባል። ሉቱሊ ጎዳና ላይ ሞባይል፣ ቴሌቪዥንና ስፒከር ከሚሸጡት ሱቆች መካከል ሬዚስተርና ካፓሲተር በመሳቢያ የያዙ አሉ። ስም ሳይሆን ቁጥር ይዞ መሄድ ይሻላል፤ «ፈዝ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ይመለሳል፣ «ቢሲ547» የሚል ይስተናገዳል። ጀርማኒየም ትራንዚስተር አዲሱን ከመፈለግ ያረጀ ሬዲዮ ወደሚጠግን ፉንዲ መሄድ ይቀላል፤ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩ የትራንዚስተር ሬዲዮዎች መውጫቸው ላይ ብዙ ጊዜ ኤሲ128 አለ። የሞተ ሬዲዮ ውስጥ አንድ ሙሉ ፈዝ ተኝቶ ይገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት። ቢሲ547 ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እኛ ስናዞር እግሮቹ ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ናቸው። 2ኤን3904 ደግሞ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። መልካቸው አንድ ነው። አንዱን በሌላው ተክቶ ሳያገላብጥ የበየደ ሰው ንድፉን ይረግማል። ቴስተር መግዛት ከመበየጃው ይቅደም።

ወደ አምፕሊፋየሩ ስንመጣ የቤት ሠሪዎች ንጉሥ ኤልኤም386 ነው። ስምንት እግር አለው፤ ከ4 እስከ 12 ቮልት ይበላል፤ ምንም ሳይጨመርበት ድምፁን 20 ጊዜ፣ በ1ኛውና በ8ኛው እግሩ መካከል የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲገባ 200 ጊዜ ያጎላል። መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር ስንት መሆን አለበት? ያው የቅድሙ ሒሳብ ነው፦ 8 ኦም ስፒከርና 220 ማይክሮፋራድ 90 ኸርዝ ላይ ይቆርጣሉ፤ ለክራር ይበቃል። ለበገና 1,000 ማይክሮፋራድ አድርጉት፣ ወደ 20 ኸርዝ ይወርዳል። ወደ ስፒከሩ በሚሄደው መስመር ላይ 10 ኦምና 0.05 ማይክሮፋራድ ገደማ በተከታታይ ወደ ኔጌቲቭ ማሰር አይረሳ፤ ያለዚያ አይሲው በማይሰማ ፍጥነት ራሱን ያንቀጠቅጥና ይግላል።

ጉልበቱ እንደ ዓይነቱ ከግማሽ ዋት ወዲህና ወዲያ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ጆሮ ግን ዋትን በቀጥታ አይቆጥርም፤ ድምፅ በእጥፍ ጎላ እንድንል ጉልበቱ 10 ጊዜ ማደግ አለበት። ስለዚህ የ50 ዋት አምፕሊፋየር ከግማሽ ዋቱ መቶ እጥፍ በልቶ የሚጎላው አራት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ይልቅ ስፒከሩ ነው ልዩነት የሚያመጣው። መዳፍ ከምታክል ስፒከር ይልቅ ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ያንኑ ግማሽ ዋት ተቀብሎ ከአሥር ዲሲቤል በላይ አብልጦ ሊጮኽ ይችላል፤ ዋት ሳይጨመር ማለት ነው። በግድግዳ በሚዋሰኑ የሁርሊንግሃም አፓርታማዎች ውስጥ ግማሽ ዋት ጎረቤት ለማስነሣት ይበቃል።

ኪንሻሳ ውስጥ ማዋንጉ ሚንጊዬዲ ያቋቋሙት ኮኖኖ ቁጥር 1 የሚባለው ቡድን ይህን መንገድ እስከ ጫፉ ሄዶበታል። የሚጫወቱት ሊኬምቤ በጣት የሚመታ ባለ ብረት ምላስ መሣሪያ ነው፤ የከተማው ጫጫታ ሲውጠው ከተጣለ መኪና ባወጡት ማግኔት ፒክአፕ ሠሩለት። የወጣው ድምፅ የተቀደደና የሚነዝር ነበር፤ አላስተካከሉትም። በ2004 «ኮንጎትሮኒክስ» የሚለው አልበማቸው ሲወጣ አውሮፓ አዲስ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የመጣ መስሎት ተደነቀ። እዚህ ኬንያም የክራር ዘመድ አለ፤ የሉኦዎቹ ባለ ስምንት ክር ንያቲቲ። ቤንጋ የሚባለው የአገሩ የጊታር ሙዚቃ የተማረው ከእሱ አጨዋወት ነው። አንድ ክራርና አንድ ንያቲቲ በአንድ ግማሽ ዋት አምፕሊፋየር ቢገቡ የሚወጣውን መስማት እወዳለሁ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ አራት ማዕዘኗ የዘጠኝ ቮልት ባትሪ ለበፈር ለረጅም ሰዓታት ትበቃለች፤ አምፕሊፋየር ግን ቶሎ ይጨርሳታል። ስድስት ተራ ባትሪ ድንጋይ በመደዳ ያው ዘጠኝ ቮልት ነው፣ ብዙ እጥፍም ይቆያል። ከግድግዳ የሚመጣውን 240 ቮልት ጀማሪ አይክፈተው፤ የተዘጋ አዳፕተር ይግዛ። አዳፕተሩ ፖዘቲቩን መሀል ላይ ወይስ ዳር ላይ እንዳደረገ በቴስተር ይታይ፤ የጊታር ፔዳሎች በልማድ ኔጌቲቩን መሀል ያደርጋሉ፣ የቤት ዕቃ አዳፕተር ብዙውን ጊዜ ተቃራኒ ነው። መግቢያው ላይ አንድ 1ኤን4001 ዳዮድ ማስገባት ከዚህ ስሕተት ያድናል። የድሮ የቫልቭ ሬዲዮ ወደ ጊታር አምፕሊፋየር የሚለውጡ ሰዎች አሉ፤ ድምፁም ያስቀናል። ግን ውስጡ 250 ቮልትና ከዚያ በላይ አለ፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል። የሚያሳይ ሰው ከጎን ሳይኖር አይነካም።

በመጨረሻ ሣጥን። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ሣጥን የታሸገ ፈዝ ከግድግዳው ሽቦ 50 ኸርዙን ይለቅማል፤ ያ ከወፍራም ሶል ጋር ስለሚጠጋ አንዳንዴ ቅኝት ያጠፋ ይመስላል። ከዚያም አልፎ ትራንዚስተሩ ራሱ እንደ ሬዲዮ ሆኖ ጣቢያ ሊይዝ ይችላል፤ ትዝታ መሀል የስዋሂሊ ዜና ይገባል። የብስኩት ቆርቆሮም ቢሆን ብረት ይሁን፤ ኔጌቲቩ በአንድ ነጥብ ብቻ ከብረቱ ጋር ይገናኝ፤ ከመግቢያው ወደ ኔጌቲቭ 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ይጨመር። የመግቢያው ጃክ ባለ ሦስት እግሩ ስቴሪዮ ቢሆን ይመረጣል፤ የባትሪው ኔጌቲቭ በመሀለኛው እግር ሲታሰር የክራሩ ገመድ ሲሰካ ፔዳሉ ይበራል፣ ሲነቀል ይጠፋል። ስለዚህ ቅዳሜ ሌሊት ሙዚቃው ሲያበቃ ገመዱን ከክራሩ ብቻ ነቅሎ ፔዳሉ ላይ የተወ ሰው እሑድ ባትሪ ሊገዛ ይወጣል።